ጉንፋን ነው አልኩት

ወንድሜ ሠርፀ ሁለት ነገር አይወድም ነበር፤ መታመምና መታዘዝ። በሐምሌ መጀመሪያ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ተደራረቡበት። እኔ ታላቁ ነኝ፣ በስምንት ዓመት እበልጠዋለሁ፣ በዚያ ላይ አፌ አያርፍም። ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር ያለውን ምግብ ቤታችንን የሚያውቅ ሁሉ፣ "ሮማነወርቅ ጋ ጥብሱም ትኩስ ነው፣ ስድቡም ትኩስ ነው" ይላል። ይህን ለመጻፍ ስቀመጥም በመጀመሪያ የምሰድበው ሰው ነበር የፈለግኩት። ክሊኒኩን አሰብኩ፣ ዝናቡን አሰብኩ፣ የዕድር ሊቀመንበራችንን አሰብኩ። መጨረሻ ላይ ከራሴ በቀር የሚበቃ ሰው አላገኘሁም።

ሐሙስ ዕለት ማሳል ጀመረ። የዚያን ሰሞን ያላሳለ ሰው አልነበረም። ደንበኞቻችን ጥብሱ ላይ ያስላሉ፣ አስተናጋጇ ቢራ ስትከፍት ታስላለች፣ ከፊታችን የቆሙት የቦዳቦዳ ሞተረኞችም ተራ ይዘው ያስላሉ። ማንም ቁም ነገር አላለውም። ዓርብ ትኩሳት ሲይዘው ጥግ ላይ ወዳለው ክሊኒክ ሄደ። ጁባ ውስጥ አተኩሶህ ክሊኒክ ከገባህ ወባና ታይፎይድ ሳይሉህ አትወጣም፤ ሠርፀንም ሁለቱንም ብለው ሦስት ቀን መርፌ ወጉት። ሰኞ ጠዋት ከወጥ ቤት የጋዝ ሲሊንደር ይዞ ሲወጣ መሐል ላይ አስቀመጠው፤ እሱም ላዩ ላይ ተቀመጠ።

"እትዬ፣ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ነው የሚመስለኝ።"

"ማን ደፍሮ?" አልኩት፤ ቀና ብዬ ሳየው ግን ከንፈሩ ቀለሙን ለቋል። ሠርፀ ጠይም ነው፣ የዚያን ቀን አመድ መስሎ ነበር።

ኃይለመለኮትን ደወልኩለት። ኮር ዊሊያም ሰፈር ሆቴል አለው፣ የዕድራችን ሊቀመንበርም እሱ ነው። ጁባ ያለ አበሻ ሲታመም፣ ሲታሰርም ሲሞትም መጀመሪያ የሚደወለው ለእሱ ነው። መኪናውን እየነዳ ራሱ መጣና ወንድሜን ይዘነው ሆስፒታል ገባን።

እዚያ ያገኘነው ሐኪም ኦቻላ ነበር። አኙዋክ ነው፤ በስደት ጋምቤላ አድጎ ጅማ ሕክምና ተምሮ አገሩ የተመለሰ ልጅ። አማርኛው ከእኔ አማርኛ ይጠራል። እሑድ እሑድ እኛ ቤት ይመጣል፣ ጥሬ ሥጋ ያዛል፣ ስለ ጅማ ዝናብ ያወራል። ቤቴ ሲመጣ አንተ የምለውን ልጅ በነጭ ጋዋን ሳየው ደንግጬ አንቱ ማለት ጀመርኩ። የልብ ምት የሚያነበውን መሣሪያ ሠርፀ ደረት ላይ ለጠፈ፣ ደም ወሰደ፣ አፍንጫው ውስጥ እንጨት ከትቶ አወጣ። ከሰዓታት በኋላ እኔን ብቻ ኮሪደር ላይ ጠራኝ።

"እትዬ ሮማን፣ ወባ አይደለም። ታይፎይድም የለበትም። ኢንፍሉዌንዛ ነው።"

"ጉንፋን ማለት?"

"ከባዱ ጉንፋን በሉት።"

ሳቅሁ። ደስታ ነው ያሳቀኝ፤ ከዓርብ ጀምሮ ስሰጋ ነበርና። እሱ ግን አልሳቀም።

"ይስሙኝ" አለ። "ልቡን ነክቶታል። ልብ ጡንቻ ነው፤ ያ ጡንቻ ተቆጥቶ አብጧል። ደም የመግፋት አቅሙ ቀንሷል፣ ምቱም እየተዛባ ነው።"

"ጉንፋን የአፍንጫ በሽታ ነው፣ ዶክተር። ከልብ ጋር ምን አገናኘው?"

"ብዙ ሰው እንደርስዎ ነው የሚያስበው። ትልቅ ሰው በኢንፍሉዌንዛ ሆስፒታል እስከመተኛት ከደረሰ ሳንባውን ብቻ አይደለም የምንፈራው፣ ልቡንም ነው። ግፊት ያለበት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሠርፀ ግፊት አለበት፣ ኪኒኑንም ሲመቸው ነው የሚውጠው። አይደለም እንዴ?"

ነው። ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀንበታል።

"መድኃኒቱስ?"

"ያለንን እየሰጠሁት ነው። ኦክስጅንም አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ዋናው ሕክምና መተኛት ነው። ጨርሶ ከአልጋ አይወርድም። ለሽንትም ቢሆን። ትንሽ ዕቃ ቢያነሳ፣ ትንሽ ቢደክም ልቡ ባንዴ ሊቆም ይችላል።"

"አዲስ አበባ እንውሰደዋ።"

"አሁን አውሮፕላን ላይ አላወጣውም። ምቱ ይረጋጋ። አምስት ቀን ይስጡኝና ለጉዞው የሚሆነውን ደብዳቤ እጽፍላችኋለሁ።"

ይህን ብሎ ወደ ክፍሉ መራመድ ጀመረ። "ወዴት ነው?" ስለው "ልነግረው ነዋ" አለኝ። ጋዋኑን ያዝኩት። አንቱታው ሁሉ ጠፋኝ።

"ኦቻላ፣ ልጄ፣ በእናትህ። እንዳትነግረው።"

አባታችን ደሴ ሆስፒታል ሲታከም አንድ ወጣት ሐኪም ፊት ለፊት "ጉበትህ አልቋል" ብሎ ነገረው። አባታችን የዚያን ቀን ጠዋት ሽሮ በልቶ ከጎረቤት ጋር ሲቀልድ የነበረ ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ ከዚያ በኋላ ወደ እኛ አላዞረውም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቀበርነው። እናታችን እስክትሞት ድረስ "ጉበቱ አይደለም፣ ያ ምላሱ ያልታሰረ ልጅ ነው የገደለው" ትል ነበር። ሠርፀ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የአባቱን ጀርባ ያይ ነበር። ይህን ሁሉ ለኦቻላ ነገርኩት።

እስከ መጨረሻው ሰማኝና "እናንተ ጋ ነው ያደግሁት" አለ። "ለታማሚ እንደማይነገር አውቃለሁ። ግን እትዬ ሮማን፣ የጉበትና የዚህ ነገር ይለያያል። እዚያ ማወቁ ምንም አይጨምርለትም ነበር። ሠርፀ ግን ካላወቀ ይነሳል። ላስረው አልችልም።"

"እኔ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ። ከእህቱ አፍ ሲሰማው ይለያል።"

"እሺ። እስከ ነገ ጠዋት። ለጉብኝት ስመጣ ካልነገሩት እኔ እነግረዋለሁ።"

ነርሷን ጁሊያንም ያዝኳት። ሠርፀ የጁባ ዓረብኛ አቀላጥፎ ስለሚናገር አልጋው አጠገብ "ገልብ" የሚለውን ቃል እንዳታነሳ ለመንኳት፤ ልብ ማለት ነው። ጁሊያ ዓይኔን እያየች "ማማ፣ ዴ ማ ኩዌስ" አለችኝ፤ ይሄ ጥሩ አይደለም። ጥሩ አለመሆኑን እሷ ልትነግረኝ አይደል? ተናደድኩባት።

ስገባ ሠርፀ ኦክስጅኑን አፍንጫው ላይ አድርጎ ጣሪያውን ያያል። ክፍሉ ውስጥ ሌላ አንድ አልጋ ነበር፤ አልአሚን የሚባል እግሩ የተሰበረ ሱዳናዊ ነጋዴ ተኝቶበታል።

"ምን አለ?" አለኝ ሠርፀ።

"ጉንፋን ነው አለ።"

እስኪያስለው ሳቀ። "ያ ሌባ ክሊኒክ ሦስት ቀን ቂጤን የወጋኝ ለጉንፋን ነው?" ወደ አልአሚን ዞሮ በዓረብኛ ነገረው፣ ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ሳቅ ስሰማ ሐኪሙ የተሳሳተ መሰለኝ። እንዲህ የሚስቅ ሰው ልብ ምን ይሆናል አልኩ።

"ታዲያ ለጉንፋን ምን ያስተኛኛል? እንሂድ።"

"ከባድ ነው ተብሏል። አምስት ቀን ከአልጋ አትወርድም።"

ጁሊያ ፖፖ ይዛ መጣች። እሱን ስታስቀምጥ የወንድሜን ፊት ማየት ነበረባችሁ። አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፣ የኩንታል ጆንያ ለብቻው ከመኪና የሚያወርድ ሰው ነው።

"ይሄ ምንድነው?"

"ፖፖ ነው፤ አታውቀውም?"

"ለጉንፋን ፖፖ? እትዬ፣ በሕግ አምላክ። ሙኑኪ ይህን ቢሰማ ስሜን ይቀይሩልኛል።"

ፊቴን አዙሬ ቆምኩለት፤ "አንቺ ክፍሉ ውስጥ ካለሽ አይመጣም" አለኝ። ወጥቼ ቆምኩ። መጸዳጃ ቤቱ ግቢው ጫፍ ላይ ነው፣ ሦስት ደረጃ ወርደህ ሰፊ ሜዳ ታቋርጣለህ። በሩ ላይ እንደ ዘበኛ ቆሜ ያን ሜዳ ሳይ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብናገር ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ እንደሚያበቃ አውቅ ነበር። ልብህ ታሟል ብለው ሠርፀ ፖፖውን ያለ ቃል ይቀበላል። ሞኝ አልነበረም፣ ልጅም ነበረው።

አመሻሹ ላይ ልነግረው ቆርጬ ገባሁ። አዲስ አበባ ካለችው ሚስቱ ከራሄል ጋር በስልክ አውርቶ መጨረሱ ነበር። የሰባት ዓመት ልጃቸው ሰላም መነጽር ልታደርግ መሆኑን ነገረኝ። "አስቢው፣ ያቺ አፍንጫ መነጽር አትይዝም" አለና ፈገግ አለ። መስከረም ላይ እሄዳለሁ፣ ትምህርት ቤት ራሴ አደርሳታለሁ አለ።

"ሠርፄ፣ ዶክተሩ ምን አለ መሰለህ..."

ዞሮ አየኝ። ትራሱ ላይ እንዲህ ሲዞር አባቴን ሆኖ ታየኝ፣ የአባቴ ጉንጭ፣ የአባቴ ጆሮ። ከግድግዳው ጋር ያለው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም።

"ምን አለ?"

"ሾርባ በደንብ ይጠጣ አለ።"

ኃይለመለኮትም አበረታታኝ፣ ወይ ደግሞ እንዲያበረታታኝ ነው የጠየቅኩት። "እንዳትነግሪው" አለኝ። "ሰው የሚሞተው በድንጋጤ ነው። አዲስ አበባ ይግባ፣ እዚያ ቤተሰብ ከቦት ይሰማዋል።" እሱ በበኩሉ ስለ አውሮፕላኑ ሲሯሯጥ ነበር። ኤምባሲ ይደውላል፣ አየር መንገድ ቢሮ ይሄዳል፣ የሐኪም ደብዳቤ አምጡ ይሉታል፤ ሐኪሙ ደግሞ ገና ነው ይላል። በየቀኑ ላብ በላብ ሆኖ ይመጣና "ከነገ ወዲያ" ይለኛል። እኔ ደግሞ ከነገ ወዲያ የሚባለው ነገር ራሱ መድኃኒት ይመስለኝ ጀመር።

በማግስቱ ጠዋት ኦቻላን ደረጃው ላይ ጠበቅኩት። ሌሊቱን ሙሉ የምለውን ሳዘጋጅ አድሬ ነበር።

"ነገርኩት" አልኩት።

"ምን አለ?"

"ተቀበለው። ግን የበሽታው ስም እንዲነሳበት አይፈልግም። እባክዎ ፊቱ ላይ ልብ ምናምን እያሉ አያስጨንቁት።"

ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። "ጎበዝ" አለኝ። ያን ቃል እስከ ዛሬ መስማት አልችልም፤ አንድ ሰው ለልጁ እንኳ ሲለው ተነስቼ እወጣለሁ።

አልጋው ጋ ሄደን ኦቻላ ደረቱን አዳመጠና "ሠርፀ፣ እህትህ የነገረችህን ሰምተሃል አይደል?" አለው።

"ሰምቻለሁ፣ ዶክተር።"

"ቀልድ አይደለም። ከዚህ አልጋ እንዳትወርድ።"

"እሺ፣ አልወርድም" አለና ዓይኑን ወደ እኔ ጣል አደረገ፤ ለጉንፋን ምን አስጨነቃቸው በሚል ዓይነት። እኔ በሁለቱ መሐል ቆሜ ብርድ ልብሱን አስተካክል ነበር። ሁለቱም ተግባብተናል ብለው ተለያዩ።

ማክሰኞና ረቡዕ እንደምንም አለፉ። ረቡዕ ትኩሳቱ ወረደ። ሐሙስ ጠዋት እንቁላል በፍርፍር በላ፣ ኦክስጅኑንም ቀነሱለት። ኦቻላ ምቱ ትንሽ መሻሻሉን፣ ነገር ግን አሁንም አንዳንዴ እንደሚዛባ ነገረኝ፤ ያንን የሚከታተለው ማሽን ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ብቻ ነበርና ለሌላ ታማሚ ተወሰደ። ማንን ልቆጣ? የዚያኛውም ታማሚ እህት በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

ሠርፀ እየተሻለው ሲሄድ ለእኔ ባሰ። ጄኔሬተሩን ማን እያየው ነው ይላል። የውሃ ታንከሩ መጥቶ ነበር ወይ ይላል። ተቀምጦ እግሩን ያወርዳል፣ መልሼ አነሳበታለሁ። በመጨረሻ ትክ ብሎ አየኝ።

"እትዬ፣ የደበቅሽኝ ነገር አለ?"

ይኸው። ራሱ በሩን ከፍቶ ሰጠኝ። አልአሚን እንኳ አማርኛ ባያውቅም አንገቱን ቀና አድርጎ አየን። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ቁጣ ነበር። መናገር ሲያቅተኝ እቆጣለሁ፣ እንዲህ ነኝ።

"ምን እደብቅሃለሁ? አራት ቀን ሙሉ ምግብ ቤቱን ጥዬ የአንተን ፖፖ የምጠብቅ፣ ደግሞ እንደ ሌባ ትጠይቀኛለህ? ተኛ ስትባል ተኛ፣ ድሮም እልኸኛ ነህ።"

ሠርፀ ትራሱ ላይ ተመልሶ ጋደም አለ። ፊቱ ፈካ።

"በቃ ደህና ነኝ ማለት ነው" አለ። "አንቺ ስትፈሪ ነው የምትለሰልሺው።"

ከዚያ ብብቱን አሸተተና አፍንጫውን ሸበሸበ። ካልታጠብኩ አልአሚን አልጋ ይቀይራል አለ። ነገ በጨርቅ እጠርግሃለሁ ስለው "አንቺ እኔን ልታጥቢ? ተይ እንጂ" ብሎ ሳቀ። ንጹሕ ልብስና ሾርባ ላመጣለት አራት ሰዓት ላይ ወጣሁ። ስወጣ "ከአልጋ እንዳትወርድ" አልኩት፣ "እሺ" አለኝ። እሺ የሚለው ቃል በእሱ አፍ ምን ያህል እንደሚቀልል ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ዝናብ ጥሎ ነበር። የሙኑኪ መንገድ ጨቅይቶ ቦዳቦዳው ሁለት ጊዜ አስወረደኝ። ሾርባውን በፔርሙስ ቀዳሁ፣ ሸሚዙን አጣጠፍኩ። ስመለስ፣ ልብ በሉልኝ፣ መንገድ ላይ ወስኜ ነበር። ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ማንም አያምነኝም፣ እኔም ራሴን ማመን አቁሜያለሁ፣ ግን ወስኜ ነበር። ቃሉንም መርጬ ነበር፤ "ጉንፋኑ ልብህን ትንሽ ነካ አድርጎታል፣ እየዳነ ነው" ልለው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስገባ አልጋው ባዶ ነው። ፖፖው ደርቆ ከሥሩ ተቀምጧል።

"ወዴት ሄደ?" አልኩት አልአሚንን።

በእጁ ወደ ግቢው አሳየኝ። "ሊታጠብ" አለ። "እህትህን ጠብቅ ብዬው ነበር። ዙክማ በስ አለኝ።" ጉንፋን ብቻ ነው ማለት ነው።

ሮጥኩ። ሆስፒታሉ ውስጥ የቧንቧ ውሃ አይመጣም፤ ሰው ግቢው ካለው በርሜል በባልዲ ቀድቶ ነው ወደ መታጠቢያው የሚወስደው። በርሜሉ ክዳን ተከፍቷል። ከዚያ እስከ መታጠቢያው ድረስ መሬቱ ላይ የፈሰሰ ውሃ መስመር ሠርቷል፤ መጀመሪያ ላይ ጠብታ ነው፣ ወደ በሩ ሲቃረብ ይበዛል። በሩን ገፋሁት።

ታጥቦ ጨርሷል። ሱሪውን ለብሷል፣ ሸሚዙን ግማሽ ቆልፏል። እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ተቀምጧል፣ አንድ እጁ ደረቱ ላይ ነው። ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ሲያየኝ ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል።

"እትዬ፣ ምን ሆኜ ነው?"

ተንበረከክኩና ፊቱን በሁለት እጄ ያዝኩት። በዚያ ሰዓት ምን የሚደበቅ ነገር ነበር? ምን ልጠብቅለት? ሆኖም ምላሴ ለአራት ቀን የለመደውን አለ።

"ምንም አልሆንክም። ጉንፋኑ ነው።"

ራሱን ነቀነቀ። አመነኝ። ከዚያ ዓይኑ እኔን ማየት አቆመ።

ጮህኩ። ጁሊያ ደረሰች፣ ኦቻላ ጫማው እየወለቀ ሮጦ መጣ። ሲሚንቶው ላይ አስተኝተው ደረቱን ይጫኑት ጀመር። ኦቻላ ሲደክመው ጁሊያ ትተካለች፣ ጁሊያ ሲደክማት ኦቻላ ይተካል። እኔ ባልዲው አጠገብ ቆሜ ሸሚዙ ተከፍቶ ብርድ እንዳይመታው ነበር የማስበው። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ኦቻላ ተረከዙ ላይ ተቀመጠና ሰዓቱን አየ።

ወንድሜን በቃሬዛ ሲያስገቡት ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ኦቻላ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ተናዷልም፤ በእኔ ግን አልነበረም።

"እያወቀ" አለ። "እትዬ ሮማን፣ ምን እንዳለበት እያወቀ እንዴት ባልዲ ያነሳል? ምን ዓይነት ግትርነት ነው?"

ወንድሜ እኔ በሠራሁት ሲወቀስ ሰማሁ። ሞቶ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላውም፣ ራሱን እንዳጠፋ ሰው ይቆጠር ነበር። ዝም ብል ያ ነገር እዚያው ይቀር ነበር፤ ሠርፀ ግትር ነበር ብለን ቀብረን እንመለስ ነበር። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ለአንድ አፍታ ዝም ማለቴ ነው።

"አያውቅም ነበር" አልኩት። "አልነገርኩትም። ነገርኩት ያልኩህ ውሸቴን ነው።"

እንዲቆጣኝ ፈልጌ ነበር። እንዲጮህብኝ፣ ካስፈለገም እንዲመታኝ። እሱ ግን አጠገቤ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

"እኔስ" አለ፣ "ቋንቋውን እያወቅሁ። እህትህ ምን አለችህ ብዬ ብጠይቀው ያልቅ ነበር።"

ተነስቶ ወረቀቱን ሊሞላ ገባ። ከእንግዲህ በሕይወቴ ከማንም፣ ምንም ነገር እንደማልደብቅ አግዳሚው ላይ ለራሴ ማልኩ። የምር ነበር የማልኩት።

ኃይለመለኮት ደረሰ። እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ ሠርፀን እንደ ታናሽ ወንድሙ ነበር የሚያየው። ከዚያ በመሐረቡ ፊቱን ጠረገና የዕድር ሊቀመንበር ሆነ። ሬሳው በስንት ቀን እንደሚሄድ፣ ማን አብሮ እንደሚሄድ ተናገረ።

"ራሄል ግን እንዳትሰማ" አለ። "ብቻዋን ናት፣ ልጅ ይዛለች። ለወንድሞቿ ደውያለሁ፣ ነገ በማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ሄዶ ያረዳታል። በስልክ አይነገርም። እስከዚያ ደህና ነው ነው የምንላት።"

"አልችልም" አልኩት።

"ትችያለሽ። ለእሷ ብለሽ ነው።"

ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ። ራሄል ሁልጊዜ ልጇን ከክረምት ትምህርት ስታመጣ ነው የምትደውለው። ስሟ ስክሪኑ ላይ ይበራል። ኃይለመለኮት ሁለት እጁን አጣምሮ ለመነኝ፤ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው። ባላነሳው ትጠረጥራለች አለኝ። አነሳሁት። ልነግራት ነው ያነሳሁት።

"እትዬ ሮማን፣ እንዴት ዋላችሁ? ሠርፄ ስልኩን አያነሳም።"

ድምፅዋ ውስጥ መኪና ይሰማል፣ የልጅ ድምፅ ይሰማል። ከኮሪደሩ ማዶ በሩ ገርበብ ብሏል፣ የወንድሜ እግር ይታየኛል፣ ጣቶቹ ንጹሕ ናቸው።

"ምነው ዝም አልሽ? ባሰበት እንዴ?"

"ኧረ አልባሰበትም" አልኩ። "ሲታጠብ ነበር።"

"ታጠበ? በራሱ?"

"በራሱ።"

ራሄል ትንፋሿን ለቀቀች። ያን ሁሉ ቀን ይዛው የነበረ ትንፋሽ ነው። "ተመስገን" አለች፣ ደጋግማ። "ተመስገን አምላኬ። እኔ እኮ የደበቃችሁኝ ነገር ያለ መስሎኝ ሰንብቼ ነበር።" ከዚያ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ለልጇ ስትነግራት ሰማሁ፤ አባቢ ድኗል፣ ገላውን ታጥቧል፣ ማታ ይደውልልሻል።